ሁለት ዛፍ የወጣው እንግሊዛዊ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቴአትር ተምሬ በሬዲዮ አጫጭር ጭውውቶችን እጽፋለሁ፣ እጫወታለሁም። ሰሞኑን የጉዞ ፕሮግራም እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። የማከብራቸው አንድ አንጋፋ ተዋናይ ግን ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› አሉኝ። ማይክል ፔሊን የሚባለው እንግሊዛዊ ኮሜዲያንም፣ አቅራቢም፣ ደራሲም እንደሆነ አነበብሁ። እንዴት ተሳካለት? በዕቅድ ነው ወይስ በዕድል? ‹ሰር› የተባለውስ በየትኛው ሥራው ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

ፔሊን በ2019 «ሰር» የተባለው አገር ስላሳቀ አይደለም። የተሰጠው የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን ነው። ይህ ኒሻን በልማድ የአምባሳደሮችና አገራቸውን በውጭ ያገለገሉ ሰዎች ነው፤ ለእሱም የተሰጠው ለጉዞ፣ ለባህልና ለጂኦግራፊ ስላበረከተው አገልግሎት ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ2009 እስከ 2012፣ የብሪታንያ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። አስበው፦ በወጣትነቱ በአንድ የቴሌቪዥን ጭውውት ላይ የሞተ በቀቀን ሸጦ፣ ገዢው ሊመልስ ሲመጣ «ተኝቶ ነው» እያለ የተሟገተው ሰው፣ ሊቪንግስተንን የመሰሉ አሳሾች ስማቸው በሚነሣበት ማኅበር ወንበር ላይ ተቀመጠ። አብረውት ካሳቁት ጓደኞቹ መካከል «ሰር» የተባለ ሌላ የለም።

አሁን ወደ ዛፉ። አንጋፋው ያሉህ ተረት እውነት አለበት። ብዙ ዓመት በቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅነት ሠርቼ አሁን የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሁለት ዛፍ ሊወጡ ሲሉ መሐል ላይ የወደቁ ብዙ ተዋንያን አይቻለሁ። የፔሊንን ሕይወት ጠጋ ብለህ ስታየው ግን የተቀያየረው የሥራው ስም ነው። ከሥር ያሉት ነገሮች፣ ማለትም የሚሠራበት መንገድ፣ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች፣ ቤቱ፣ ሌላው ቀርቶ የሚጽፍበት ደብተር፣ ሳይነቃነቁ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖረዋል።

የተወለደው በግንቦት 1943 በብረት ማቅለጫዎቿ በምትታወቀው ሼፊልድ ከተማ ነው። አባቱ መሐንዲስ ነበሩ፤ ሲናገሩ አንደበታቸው ይያዝባቸው ነበር። ይህን ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ተምሮ በ1965 ሲመረቅ፣ በእጁ ከዲግሪው የሚበልጥ ነገር ይዞ ወጣ፦ ቴሪ ጆንስ የሚባል ጓደኛ። ሁለቱ በተማሪነታቸው አብረው ቀልድ መጻፍ ጀመሩ፤ ወዳጅነታቸው የቆየው ጆንስ በመርሳት በሽታ ታሞ በ2020 እስኪሞት ድረስ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፔሊን «ኮሜዲያን የነበረ፣ በኋላ አቅራቢ የሆነ» ይባላል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ያገኘው የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ሥራ ለአንድ የዌልስና የምዕራብ እንግሊዝ ጣቢያ የወጣቶች ሙዚቃ ፕሮግራም ማቅረብ ነበር። ከዚያ በ1966 ዴቪድ ፍሮስት ለሚያቀርበው የስላቅ ፕሮግራም ቀልድ ጸሐፊ ሆነ። በ1967 ደግሞ ከጆንስና ከኤሪክ አይድል ጋር የልጆች ፕሮግራም ሠራ፤ አዋቂዎች ከሥራ ቶሎ ወጥተው የሚያዩት የልጆች ፕሮግራም። እንግዲህ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው አቅርቧል፣ ጽፏል፣ ተውኗል። ሦስቱ ሙያዎች አንዱ ከሌላው በኋላ የተጨመሩ አይደሉም፤ አንድ ላይ የበቀሉ ናቸው። የአንተም ሁኔታ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የምትጫወተውን ራስህ የምትጽፍ ከሆነ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጥተሃል።

በሚያዝያ 1969 ሲጋራ ማጨስ አቆመ። ይህን ከቻልሁ ሌላም እችላለሁ በሚል መንፈስ በየቀኑ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1969፣ «ሞንቲ ፓይተን» የተባለው ፕሮግራም በቢቢሲ ታየ። ደብተሩ ከፕሮግራሙ ይቀድማል ማለት ነው፤ ዝናው ሲመጣ መዝጋቢው ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

ስለ ሞንቲ ፓይተን ለማያውቀው ባጭሩ፦ ስድስት ወጣቶች የጻፉትና የተጫወቱት፣ እስከ 1974 ድረስ 45 ክፍል የታየ የጭውውት ፕሮግራም ነው። ጭውውቱ በመሐል ይቋረጣል፣ ወደ ሌላ ይሻገራል፤ መደምደሚያ የሚባል ነገር የለውም። ጆን ክሊዝ ከግራሃም ቻፕማን ጋር ይጽፋል፤ ፔሊን ከጆንስ ጋር። የክሊዝ ወገን ክርክርና ቁጣ ይወዳል፤ የፔሊን ወገን እንግዳ ታሪክና ሥዕል።

በትወናው ፔሊን ምን ነበር? በእኛ አነጋገር «ተቀባይ» ልበለው። አዝማሪ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ እንደሚያደምቅ ዓይነት። የበቀቀኑን ጭውውት ተመልከት። የሚጮኸው፣ የሚንቀጠቀጠው፣ በቀቀኑን ከጠረጴዛ ጋር የሚያጋጨው ክሊዝ ነው። ፔሊን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ፣ ፊቱን ሳያጨማድድ፣ «የላባው ውበት ግን!» ይላል። ሳቁ የሚፈነዳው በዚያ ፊት ላይ ነው። የጭውውቱ መነሻም ከእሱ የመጣ ነው፦ መኪናው ተበላሽቶ ሲመልስ ሁሉን ነገር በፈገግታ የሚክድ አንድ የመኪና ሰው ገጥሞት ነበር፤ ይህን ለክሊዝ አጫወተው፤ መኪናው በኋላ በቀቀን ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያውን ትልቅ ቀልድ ያገኘው ከመንገድ ላይ ሰው አዳምጦ ነው።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ክፍሎች የሚጀምሩት ጸጉሩና ጢሙ የተንጨባረረ፣ ልብሱ የተቦጫጨቀ አንድ ሰው ከባሕር ወይም ከጫካ እየተንፏቀቀ መጥቶ ካሜራው ፊት ሲደርስ አንዲት ቃል ብቻ ሲተነፍስ ነው፤ ወዲያው ርዕሱ ይቀጥላል። ያ ሰው ፔሊን ነበር። በኋላ ዓለምን ዞሮ ካሜራ ፊት የሚቆመው መንገደኛ በ1969 ቀድሞ ተሠርቶ ነበር ብዬ ተማሪዎቼን አስቃለሁ።

ከሞንቲ ፓይተን በኋላ ከጆንስ ጋር ከ1976 እስከ 1979 የሠራው ተከታታይ ሥራ ደግሞ በጀግና አሳሾችና በቅኝ ገዢ ዘመን የወንዶች ልጆች መጻሕፍት ላይ ይሣለቃል። በአንዱ ክፍል አንድ አሳሽ የአንዲስን ተራሮች በእንቁራሪቶች ሊያሻግር ይነሣል። ይህን የጻፈ ሰው በኋላ ራሱ አሳሽ ሲሆን፣ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ደረስሁ» ለማለት አንደበቱ እሺ አይለውም። ከሌሎች የጉዞ አቅራቢዎች የለየው ይህ ይመስለኛል፤ የራሱን ቀልድ ይፈራል።

ሃይማኖት ነክ የሆነው የ1979 የሞንቲ ፓይተን ፊልም ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ኖርዌይና አየርላንድ አገዱት፣ አንዳንድ የእንግሊዝ ወረዳዎችም እንዳይታይ አደረጉ። እዚህ ላይ የማነሣው ስለ ፊልሙ ለመከራከር አይደለም። በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ከአንድ ጳጳስና ከጋዜጠኛው ማልኮም መገሪጅ ጋር ተቀምጦ፣ ሁልጊዜ ፈገግተኛው ፔሊን ሲናደድ የታየበት ጊዜ ስለሆነ ነው። «የሞንቲ ፓይተን ደጉ ሰው» የሚለው ስም ሲለጠፍበት እንደማይወደው እሱም ተናግሯል። ደግነቱ የትወና ጭምብል አይደለም፤ ግን ከሥሩ አጥንት አለው።

አሁን ወደ አባቱ ልመለስ። በ1988 በወጣው «ኤ ፊሽ ኮልድ ዋንዳ» ፊልም ላይ አንደበቱ የሚያዝበትን ኬን የሚባል ሰው ተጫወተ፤ በዚህም የብሪታንያን የፊልም አካዳሚ የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ተብታባን ማስመሰል በየአገሩ ርካሽ የቀልድ ዘዴ ነው፤ እኛም ቤት አለ፣ እኔም በወጣትነቴ አስቄበታለሁ፣ አፍርበታለሁ። ፔሊን ግን ድምፁን አላስመሰለም። ከአባቱ ያየውን አመጣ፦ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ፊት ላይ የሚታየውን ጥበቃ፣ የሚያዳምጠው ሰው ትዕግሥት ሲያልቅ የሚመጣውን እፍረት። ቢሆንም ቅር የተሰኙ ነበሩ። እሱ ግን ነገሩን በክርክር አልዘጋውም። በ1993 በለንደን ለተከፈተ፣ አንደበታቸው ለሚያዝባቸው ልጆች ሕክምና ለሚሰጥ ማዕከል ስሙን ሰጠ፤ ማዕከሉ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከቀልዱ ይልቅ ይህ ሥራው ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ጉዞውስ? እዚህ ላይ ዕድል አለ፤ አልክድህም። ቢቢሲ በ80 ቀናት ዓለምን ያለ አውሮፕላን የሚዞር አቅራቢ ሲፈልግ የመጀመሪያው ምርጫ ፔሊን አልነበረም። በጊዜው የጉዞ ፕሮግራም ንጉሥ የነበረው አለን ዊከር አልፈልግም አለ፤ ሌሎችም እንዲሁ። ፔሊን ከዚያ በፊት በ1980 ስለ ባቡር ጉዞ አንድ ክፍል አቅርቦ ነበርና እሱ ተጠራ። በመስከረም 1988 ከለንደን ተነሣ፤ በ79 ቀን ከ7 ሰዓት ተመለሰ። ጉዞው ያለቀበት፣ የጀመረበት የለንደን ክበብ ደግሞ የካሜራ ቡድኑን አላስገባ አለ። ይህን ከእነ ውርደቱ አሳዩት።

የዚህ ሥራ ልብ ግን ከዱባይ እስከ ቦምቤይ ያለው የባሕር ጉዞ ነው። በዐረቦች የእንጨት ጀልባ፣ ያለ ራዳር፣ ከጉጃራት መርከበኞች ጋር ሳምንት ያህል ተጓዘ። ቋንቋ አያግባባም። የታሰበው የጥድፊያ ፕሮግራም ነበር፤ ጀልባዋ ላይ ግን ምንም የሚያጣድፍ ነገር የለም። ፔሊን ከመርከበኞቹ ጋር ይበላል፣ ይተኛል፣ ከሽማግሌው ጋር በምልክት ያወራል፤ አንድ ጊዜም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ሙዚቃ ያሰማዋል። ሰውየው ሙዚቃውን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ካሜራው ይይዛል። ፔሊን ምንም አይልም። የበቀቀን ሻጩ ዝምታ ነው፤ አሁን ግን ቀልዱን ሳይሆን ሰውየውን ለማሳየት ያገለግላል። ቦምቤይ ሲለያዩ ፔሊን ማዘኑን አይደብቅም። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ፕሮግራሞቹ በሙሉ ያንን ሳምንት ፍለጋ ናቸው ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዞ ወደ እኛም ያመጣዋል። በ1991 ከሰሜን ዋልታ ተነሥቶ፣ ብዙ የብስ ስለሚያገናኝ 30 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን እየተከተለ ወደ ደቡብ ዋልታ ወረደ። ሶቪየት ኅብረትን ልትፈርስ ጥቂት ወራት ሲቀሯት አለፈ፤ በግብፅ በኩል ሱዳን ደረሰ። ደቡብ ሱዳን ግን ጦርነት ነበርና መንገዱ ተዘጋ። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ኢትዮጵያ ገባ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ጎንደርን አየ፣ አዲስ አበባን አየ፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ ወጣ። በዕቅዱ ውስጥ ያልነበርን ሰዎች ነን፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት ስለ ኢትዮጵያ በምዕራቡ ዓለም ቴሌቪዥን የሚታየው ረሃብና ጦርነት ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ሰው በመንገደኛ ዓይን አይቶን ማለፉን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

በዚያው ጉዞ ላይ በቪክቶሪያ ፏፏቴ ሥር በጎማ ጀልባ ሲወርድ የጎድን አጥንቱን ተጎዳ። ኬፕታውን ሲደርስ ወደ አንታርክቲካ ይወስደናል ያሉት መርከብ ቦታ የለኝም አለ። ወደ ቺሊ ዞረው፣ ከዚያ በአውሮፕላን ደቡብ ዋልታ ደረሱ። «በዕቅድ ወይስ በዕድል?» ላልኸው መልሱ ይህ ጉዞ ነው። ዕቅዱ በየሁለት ሳምንቱ ይፈርሳል፤ የፈረሰውን ግን ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል፤ ፕሮግራሙም መጽሐፉም የሚሠሩት ከፈረሰው ነው።

ስለ መጽሐፉ ሙያዊ ምሥጢሩን ልንገርህ። እያንዳንዱ የጉዞ ፕሮግራም ከመጽሐፍ ጋር ይወጣል፤ መጽሐፉን የሚጽፈው ራሱ ነው፤ ጥሬ ዕቃው በመንገድ ላይ የሞላው ማስታወሻ ነው። አቅራቢው ጸሐፊ ስለሆነ ሌላ ሰው የጻፈለትን አያነብም፤ ካሜራው ያልያዘውን ደግሞ ገጹ ይይዘዋል። አንዱ ሥራ ሌላውን ይመግበዋል እንጂ አይቀማውም። የካሜራ ባለሙያው ናይጄል ሚኪን፣ ፎቶ አንሺው ባዚል ፓው፣ ዳይሬክተሩ ሮጀር ሚልስ በተለያዩ ጉዞዎች ላይ ደጋግመው አብረውት ሄደዋል። ከሄለን ጋር በ1966 ተጋብተው እሷ በ2023 እስክትሞት 57 ዓመት ኖረዋል፤ በሰሜን ለንደን ያለው ሰፈሩም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያው ነው። ያን ያህል የዞረ ሰው ይህን ያህል ያልተነቃነቀ መሆኑ ይገርመኛል።

አንጋፋው ያሉህ ነገር የሚሠራበት ቦታም አለ። የ«ዋንዳ» ተዋንያን በድጋሚ ተሰባስበው «ፊርስ ክሪቸርስ» የሚል ፊልም ሠሩ። ለሙከራ የታየው መጨረሻ ተመልካች ስላልወደደው እንደገና እንዲቀረጽ ተወሰነ። ፔሊን ግን የፓስፊክን ውቅያኖስ ዳርቻ እየዞረ ነበር፤ ጉዞውን እስኪጨርስ ተጠበቀ። ፊልሙ በ1997 ወጣ፤ የመጀመሪያውን ያህል አልሆነም። ሁለት ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ከሥር የሚያስጠብቃቸው ሰዎች ይኖራሉ። አንተም ሬዲዮ ጣቢያህን የምታስጠብቅ ከሆነ አስቀድመህ ንገራቸው።

ልብ ወለዱም እንዲሁ። በ1995 በአሜሪካዊው ደራሲ በሄሚንግዌይ ፍቅር ስለተያዘ የፖስታ ቤት ሠራተኛ የጻፈው ልብ ወለድ ጥሩ ነው፣ ታላቅ ግን አይደለም። የጸሐፊነቱ ጫፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ፦ በአራት ቅጽ በታተሙት የዕለት ማስታወሻዎቹ፣ እና በስተርጅና በጻፋቸው ሁለት የታሪክ መጻሕፍት። አንደኛው በ2018 የወጣው፣ 129 ሰዎችን ይዘው በአርክቲክ ከጠፉት ሁለት መርከቦች ስለ አንዷ ስለ «ኤረበስ» ነው፤ መርከቧ በ2014 ከባሕር ሥር ተገኝታለች። ሁለተኛው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 በሶም ውጊያ ስለሞተው ስለ አያቱ ወንድም ስለ ሃሪ ነው፤ ምንም ታላቅ ነገር ያልሠራ፣ ሕንድ ሄዶ ያልተሳካለት፣ ኒውዚላንድ ውስጥ እርሻ ላይ የሠራ ሰው። በሃምሳ ዓመት ዘግይቶ፣ የታሪክ ዲግሪው ሥራ ላይ ዋለ።

75ኛ ልደቱን ያከበረው ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ፕሮግራም ሲቀርጽ ነው። ከዚያ በኋላ የልብ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ከዚያም ኢራቅና ናይጄሪያ ሄደ።

ላንተ የምለው፦ ግብዣውን ተቀበል፤ ከመፈረምህ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቅ። ጽሑፉን የሚጽፈው ማን ነው? ሌላ ሰው ከሆነ ፊትህን ብቻ ነው የፈለጉት። ካሜራውን የሚይዘውስ ማን ነው፣ ለስንት ጊዜ? በየክፍሉ የሚቀያየር ከሆነ ያ የጀልባ ላይ ሳምንት አይመጣልህም። ጭውውት መጻፉንም አትተው፤ በሳምንት አንድም ቢሆን።

እስከዚያው የዱባይና የቦምቤይ ጉዞ ያለበትን ክፍል ፈልገህ እይ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተህ እየው። ፔሊንን ብቻ ተከተል፤ ሌላው ሰው ሲናገር እሱ ምን እንደሚያደርግ፣ አገጩ የት እንዳለ፣ መቼ ዓይኑን እንደሚሰብር። ከዚያ የበቀቀኑን ጭውውት በተመሳሳይ መንገድ ድምፁን አጥፍተህ እይና ያገኘኸውን ጻፍልኝ።